ሳጥን የሆኑት ፊደሎች

ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ወቅቱ ደግሞ ዝናቡ አቁሞ ሰሊጥ የሚታጨድበት። በዚያ ወቅት የሱዳኗ ገዳሪፍ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ከመተማ ማዶ የመጣው የቀን ሠራተኛ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ በየሎሪው ላይ ተጭኖ ይገባል። የእህል ገበያው አቧራ እስከ እኛ ሰፈር ይደርሳል፤ አቧራው ራሱ የሰሊጥ ሽታ አለው፣ ልብስ ታጥቦም አይለቅም። የዚያን ዓመት ሴቶቹ የሎሚ ቀለም ያለው ስስ ቶብ ይለብሱ ነበር። ገንዘቡ ዲናር ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም ሰው ዋጋ የሚጠራው በድሮው ጊኔ ስለነበረ፣ ሽንኩርት ስንገዛ እንኳን ከሰማነው ላይ አንድ ዜሮ እያነሣን ነበር የምንከፍለው። ከሱቄ አጠገብ የካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ ጠዋት የሱዳን ዘፈን ይከፍታል፤ ከሰዓት በኋላ ለሐበሻ ደንበኞቹ ብሎ የጎንደር ሠርግ ዘፈን ይከፍታል። እኔ ዘፈን አልሰማም፤ ግድግዳው ስስ ስለነበረ ግን ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ይህን ሁሉ ሳስብ ደስ ይለኛል። ከዚያ ተክሌ ትዝ ይለኛል፣ ደስታዬም እዚያው ይቆማል።

ነገሩ የተነሣብኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ልጄ ሰሚራ ስልኳን ይዛ መጣችና፣ "ዩማ፣ እስቲ እዪው፤ አክስቴ ከጎንደር የላከችው መልእክት ኩሉ፣ ሁሉም ሳጥን ሆኖ መጣ" አለችኝ። አየሁት። ባዶ ሳጥኖች ተርታቸውን ቆመዋል።

"ስልክሽ የአማርኛ ፊደል የለው ይሆናል" አልኳት።

ሳቀች። "አንቺ ደሞ መቼ ነው መሐንዲስ የሆንሽው?"

ፊቴ ሲግል ተሰማኝና ወደ ጓዳ ገባሁ። ሰሚራ ያን ጊዜ ሕፃን ስለነበረች አታስታውሰውም፤ እኔም ነግሬያት አላውቅም። እነሆ አሁን እጽፈዋለሁ፤ ታንብበው።

ጎንደር ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ዘመኑ ሲከፋ ከባሌ ጋር በእግር ወጣን። ባሌ እዚሁ አረፈ፣ አላህ ይዘንለት። የቀሩኝ አንዲት ልጅና አሥር ጣቶቼ ነበሩ። አልሐምዱሊላህ፣ አልራበንም። አንድ በር ያላት ሱቅ ተከራይቼ የሰው ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ሰሊጥ አጫጁ ለእናቱ፣ ነጋዴው ለጎንደር ደንበኛው፣ እድሩ ለአባሎቹ፤ ለአንድ ገጽ መቶ ዲናር። ከሱዳኖቹ ጋር ስኖር ዐረብኛ መጻፍም ለመድኩ። ጅዳ ያለው ወንድሜ አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ላከልኝ፤ ከፖርት ሱዳን በሎሪ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። በዐረብኛ ይጽፋል፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ አማርኛ ግን አያውቅም። እኔ ደግሞ የምኖረው በአማርኛ ነው። ስለዚህ ተክሌን ጠየቅሁት።

ተክሌ የአርማጭሆ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ሠላሳ ቢሞላው ነው። ገበያው ውስጥ ከአንዲት የሳር ዳስ ሥር ጠረጴዛ ነበረችው። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ የእጅ ባትሪ፣ በኋላም ኮምፒዩተር ይጠግናል። ሚስቱ ፀሐይ ከጎኑ ሻይ ትሸጣለች። የሬዲዮው ባለቤት ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል፤ ሁለቱም እንዲያ ተደጋግፈው አንዲት ልጃቸውን ያሳድጉ ነበር። ተክሌ ጨዋታ ያውቃል። "ሬዲዮ ከሰው ይሻላል፤ ሲያመው ይንጫጫል እንጂ ደኅና ነኝ ብሎ አይዋሽም" ይል ነበር። ካርቱም ያለ አንድ የሚያውቀው ነጋዴ ዘንድ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም እንዳለ ነገረኝ። ካጠራቀምኩት ሰጠሁት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲዲውን አመጣልኝ።

ጠዋት ነበር የመጣው። በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ሲዲውን አስገባ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር ቀስ እያለች ሞላች፤ እኔ በሆዴ ዱዓ አደርጋለሁ። ሞልታ አለቀች። ከዚያ ፕሮግራሙን ሲከፍተው ቀይ ምልክት ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለና ፕሮግራሙ ተዘጋ። ከሲዲው ውስጥ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አውጥቶ ሊያሳየኝ ሞከረ። ፊደል የለም። ከላይ እስከ ታች ሳጥን ብቻ።

አጥፍቶ አበራው። ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና ጫነው። የስክሪኑን መጠን ለወጠ፤ ሳጥኖቹ ተለቁ። ቀለሙን ለወጠ፤ ሳጥኖቹ ቀለም ለወጡ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

"እትየ ዘሃራ፣ ከመጣ ወዲህ ውስጡን ነክተው የለወጡት ነገር አለ?"

"ምንም።"

"ጭራሽ?"

"እንደ መጣ ነው አልኩህ።"

ራሱን እያከከ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ገለበጠ። ሁለታችንም እንግሊዝኛችን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ የገባን ፈቃዱ አይሠራም እንደሚል ብቻ ነው። "በእኔ ማሽን ላይ ትናንት ሠርቷል" አለ። "ይህን ልውሰደውና ጠረጴዛዬ ላይ በደንብ ልየው። ሁለት ቀን ይስጡኝ።"

አልሰጥም አልኩ። ውስጡ የሰው ደብዳቤ አለ፣ አማና፣ የሰው አደራ ነው። ያ እውነት ነበር። ግን በዚያው አፍታ ሌላም ነገር በልቤ ገብቶ ነበር፦ ፈቃዱ የማይሠራ ሲዲ የሐሰት ሲዲ ነው።

ሳምንት አለፈ። ተክሌ ካርቱም ደውሎ ነበር። መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ሰውየው ሲዲው ደኅና ነው ይላል፤ ችግሩ ከማሽኑ ነው አለ። እትየ ዘሃራ፣ እባክዎ ለአንድ ቀን ብቻ ልውሰደው" አለኝ። እኔ የሰማሁት ጥፋቱን ወደኔ ሲያዞር ነው። ወንድሜ የላከልኝን፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የመጣውን። ሦስት ሰዎች የአማርኛ ጽሑፍ ይጠብቁኝ ነበር። ወደ ሥራዬ ዞርኩ፤ ሄደ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ፀሐይ ዘንድ ሻይ የሚጠጣ ሰው በርጩማው ሁሉ ሞልቷል፤ ሐበሻም ሱዳንም። እኔ ነጩን ቶቤን ተከናንቤ መጣሁና ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ። ተክሌ ቀና ብሎ ፈገግ አለ፤ ማሽኑን ልሰጠው የመጣሁ መስሎታል።

"ተክሌ፣ ለአላህ ሰጥቼሃለሁ" አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ተመልሼ ሄድኩ።

ይህን የሚያነብ የእኛ አገር ሰው የተናገርኩትን ያውቃል። ስድብ በሽማግሌ ያልቃል። ለአላህ የተሰጠ ሰው ግን ፍርዱ ወደ ላይ ሄዷል፤ የተጠጋው ሁሉ ከመዓቱ እንዳይደርሰው ይፈራል። ክርስቲያኑም ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ ይላል፣ ፍርሃቱ አንድ ነው። ያውም የተናገረው ሰው ይታያል። ቃሉን በየቀኑ የሚጥለው ሰው ቢለው ማንም ጆሮ አይሰጠውም። እኔ ግን ብዙ የማልናገር፣ ሰው የማላማ፣ ሶላቴን በሰዓቱ የምሰግድ ሴት ነበርኩ። ሰው ያመነው ያንን ነው። አላህ የሰጠኝን መታመን ይዤ ሄጄ አንድ ድኻ ላይ ጣልኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰዎች ሬዲዮዎቻቸውን መውሰድ ጀመሩ። አንዳንዱ ሳይጠገን ወሰደ። ፀሐይ ዘንድ በርጩማዎቹ ባዶ ሆኑ፤ ሰዉ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ሻይ ይጠጣ ጀመር። በወሩ መጨረሻ ልጃቸውን ወባ ያዛት። በዚያ ወቅት ገዳሪፍ ውስጥ ወባ የማይዘው ልጅ የለም፤ ሰሚራንም ከዚያ በፊት ይዟት ነበር። ሰው ግን፣ "አያችሁ፣ የእትየ ዘሃራ ቃል" አለ። ይህን የነገረችኝ ጎረቤቴ እደነግጥ እንደሆነ ፊቴን ታያለች። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደረቴ ውስጥ ግን አንድ ነገር "እውነት ነው" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ልጅቱ ዳነች፣ አልሐምዱሊላህ። የዚያ የልቤ መነቅነቅ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ከእኛ መስጊድ የሚሰግድ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲያ እለው ነበር ወይ ብዬም ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ልጽፈው ግን እጄ እንቢ ይለኛል።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘይነብ መጣች። ዘይነብ ባሏ ዶካ በምትባል መንደር እርሻ ላይ የሚሠራ፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ደግ የሆነች ሴት ናት። ልጇን ወደ ገዳሪፍ ትምህርት ቤት ለማዛወር በዐረብኛ ማመልከቻ ጽፌላት ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችው።

"እትየ ዘሃራ፣ ዛሬስ ጉድ ሠራሽኝ! የትምህርት ቤቱ ሙዲር ሰው ሰብስቦ ሳቀብኝ።"

"ምን አለ?"

"'ይህ ደብዳቤ ሲጻፍ ልጅሽ የት ነበር?' አለኝ። ቀኑ የዛሬ ሰባት ዓመት ነው አሉ! ወላሂ፣ እንኳን ልጁ፣ አባቱንም ገና አላገኘሁት ነበር!"

ወረቀቱን አነሣሁት። ሁልጊዜ ቀኑን በነሱ አቆጣጠር በእጄ ነበር የምጽፈው፤ ያን ቀን ስቸኩል ማሽኑ ራሱ እንዲያስገባው ትቼው ኖሯል። ማሽኑ የጻፈው ዘጠና አራትን ነው።

ያኔ ነው ያስታወስኩት። ኮምፒዩተሩ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ የበራ ዕለት፣ ከስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓት በነሱ አቆጣጠር ይሄድ ነበር፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ይላል። ቤቴ የገባ ነገር እንዴት በሰው ሰዓት ይሄዳል ብዬ ነካክቼ አስተካከልኩት። ሰዓቱን ወደ እኛ፣ ቀኑን ወደ እኛ፣ ወሩን ወደ እኛ፣ ዓመቱንም ወደ እኛ። ራሴን ችዬ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ እሱ ነበር፤ ኮርቼበትም ነበር። ተክሌ ነክተው የለወጡት አለ ወይ ሲለኝ ይህ ትዝ አላለኝም። ትዝ ቢለኝም ለወጥኩ አልልም ነበር፤ አቃናሁ ነበር የምለው። እሱም ሰዓቱን አይቶታል። ስክሪኑ አራት ሰዓት ይላል፣ የእጁም ሰዓት አራት ይላል፤ ምኑን ይጠርጥር? ሱዳናዊ ጠጋኝ ቢሆን ኖሮ ገና ሲቀመጥ ሰዓትሽ ተበላሽቷል ይለኝ ነበር። ሁለት ሐበሾች አንድ ስሕተት ፊት ተቀምጠን፣ ለሁለታችንም ትክክል ሆኖ ታየን።

"ቁጭ በይ፣ አስተካክዬ አወጣልሻለሁ" አልኳት ዘይነብን። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን በነሱ አደረግሁት። ደብዳቤዋን የምታወጣው ማተሚያ እየተንጫጫች ሳለ ዓይኔ ከስክሪኑ ጥግ የቀረው የተክሌ ፕሮግራም ምልክት ላይ አረፈ። ነካሁት። ተከፈተ። ቀይ ምልክት የለም። ያን ሳጥን የነበረውን ጽሑፍ ፈልጌ አወጣሁት፤ ከላይ እስከ ታች ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ፈቃዱ የሚሠራው ሲዲው ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ነው፤ በእኔ ማሽን ቀን ግን ያ ሲዲ ገና አልተሠራም ነበር።

ዘይነብ ወረቀቷን እያጠፈች ታወራለች። "ተክሌስ ነገ ሊሄድ ነው አሉ፤ ሰምተሻል? ጠረጴዛውን ሸጧል። በካርቱሙ አውቶቡስ፣ ከዚያ ወደ ሊቢያ። ፀሐይ ዓይኗ እስኪጠፋ ስታለቅስ አየኋት።"

በዚያ በረሃ ለሄዱ ልጆች የእናቶቻቸውን ደብዳቤ የምጽፍ እኔ ነኝ። መልስ ያልመጣላቸውን እናቶች በስም አውቃቸዋለሁ። ሱቁን ዘግቼ ሸህ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ፤ የሐበሻው ሽማግሌ፣ የሁላችንም አባት ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። የሙስባሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ አዳመጡኝ።

"ልጄ፣ ሽማግሌ እንልካለን" አሉ። "ዛሬውኑ ማታ ቤቱ እንሄዳለን። በዝግ ይቅር ትባባላላችሁ፣ ፋቲሃ እናደርጋለን፣ ኸላስ። አንቺ የተከበርሽ ሴት ነሽ፤ ገበያ ለገበያ ራስሽን አታዋርጂ።"

"ሸህዬ፣ እሱን ያዋረድኩት ገበያ ላይ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ብጠይቀው የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ሬዲዮ የሚያመጣለት ሰው አይሰማም። ይቅርታዬን ይዞ በረሃ ይገባል።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ከዚህ በኋላ ቃልሽን እንደ ድሮው የሚያምንልሽ ላይኖር ይችላል፤ ይህን አስበሻል?"

"አስቤዋለሁ።"

"እንግዲያስ አላህ ያግዝሽ" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሰሚራን ጎረቤት ትቼ ወደ ገበያ ሄድኩ። ተክሌ ጠረጴዛው በነበረበት ቦታ መሬት ላይ፣ በገመድ ከታሠረ ከረጢቱ ጎን ተቀምጧል። አውቶቡሱ ከማዶ ቆሞ ሰው ይጭናል። ፀሐይ ስታየኝ ብድግ አለች።

"ዛሬ ደግሞ ማንን ሊሰጡ መጡ? ልጄ ቀርታለች፣ እሷን ይስጧት!"

"ፀሐይ" አላት ተክሌ፣ "ተያት።"

ልማዱ ስለኔ በአንቱታ መናገር ነበር፤ "ይተዉ እትየ ዘሃራ" የሚለኝ ሰው "ተያት" አለኝ። ይገባኝ ነበር። መሃል መንገዱ ላይ ቆምኩ፤ ከወዲያ ማዶ ሻይ የሚጠጡት እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በሕይወቴ ገበያ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

"ስሙኝ። እኔ ዘሃራ ይህን ሰው ለአላህ ሰጥቼው ነበር። ሲዲው ደኅና ነው። የተበላሸው የኔ ማሽን ነው፤ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ምንም አልነካሁም ያልኩት ሐሰት ነው። ተክሌ አላታለለኝም። እኔ በደልኩት።"

ከዚያ ያንኑ በዐረብኛ ደገምኩት። አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ "ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ይበቃሻል ሐጃ" አለኝ። አንዲት ሴት "ጉድ! እሷ እንዲህ ካለች ማን ይታመናል?" ስትል ሰማኋት። እውነቷን ነው። ተክሌ አንገቱን እንደ ደፋ ነው።

አዲስ ሰው መጣ፣ ምን ተፈጠረ ብሎ ጠየቀ፣ ነገርኩት። ሌሎች መጡ፣ ነገርኳቸው። ሲያልቅ ተክሌ ከተቀመጠበት ጥቂት ራቅ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሁሉ ከሰላምታው በፊት ይህንን ይሰማል። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ተክሌ ተነሣ። ከረጢቱን አየ፣ ፀሐይን አየ። አውቶቡሱ ደጋግሞ ነፍቶ ሲሄድ እሱ እንደ ቆመ ነበር። ቆይቶ አንድ የካሮ ጋሪ ነጂ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ተነሥቶ መጣና የተበላሸ የእጅ ባትሪውን ዘረጋለት። ወደ እነሱ አላየሁም፤ የከረጢቱ ገመድ ሲፈታ ግን ሰማሁ።

ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ አዛን ሲል ድምፄ ሰልሎ ነበር። ያን ጊዜ ነው ተክሌ የመጀመሪያውን ቃል የተናገረኝ፤ ዓይኑን ከባትሪው ላይ ሳያነሣ።

"እትየ ዘሃራ፣ ይበቃል። አዛን ብሏል፤ ይሂዱ ይስገዱ።"

"ገና ከእህል ገበያ የሚመለሱት አልሰሙም" አልኩት።

ሶላቴን አዛን እንዳለ ሳልሰግድ የቆየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ሰዎቹ የሰሊጥ አቧራቸውን ከጀለቢያቸው ላይ እያራገፉ ብቅ ሲሉ፣ መሬቱን ተደግፌ ተነሣሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።